የሚጠብቅና የሚጠበቅ

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ለጆሮ ቀላል ይመስላል። ይኸውም «ሰው ቃል ሳይሰጥ ቃል ሊያፈርስ ይችላልን?» የሚል ነው። ቃል የሚሰጠው በአፍ ነው፤ የሚቀበለው ሰሚም ያስፈልገዋል። ሰምቶ ለማያስተውል፣ አስተውሎም «እሺ» ለማይል ፍጡር ቃል የሚገባ ማነው? እንግዲያውስ ገና አፉን ላልፈታ ሕፃን ከምግቡ፣ ከመኝታውና ከንጽሕናው በቀር ዕዳ የለብንም ማለት ነውን? ነገሩን ያነሣነው ለክርክር ያህል ብቻ አይደለም። ከመካከላችን ታናሽ ወንድሙን ወይም እኅቱን ያላዘለ፣ «እስክመለስ ድረስ ያዝልኝ» ያልተባለ የለም። አንዳንዶቻችንም ወላጆች ሆነናል። ስለዚህ ይህ በየቤታችን በየቀኑ፣ ማንም ልብ ሳይለው፣ በሥራ መልስ የሚያገኝ ጥያቄ ነው።

አማርኛችን በዚህ ነገር ላይ አንድ ቋጠሮ አለው። «መጠበቅ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። እንግዳ ይመጣል ብሎ በር በር የሚያይ ሰው ይጠብቃል፤ ከብቱ እንዳይጠፋበት ዓይኑን የማይነቅል እረኛም ይጠብቃል። የመጀመሪያው የሚመጣውን ተስፋ ማድረግ ነው፤ ሁለተኛው ኃላፊነት መሸከም ነው። ሕፃኑ በመጀመሪያው ፍች ይጠብቃል፤ እኛ ደግሞ በሁለተኛው እንጠብቀዋለን። ቋንቋው ሁለቱን በአንድ ቃል ያሰራቸው እንዴት እንደሆነ መመርመር የሊቃውንቱ ፈንታ ነው። የእኛ ጥያቄ ግን እዚያው ቋጠሮ ላይ ያርፋል።

በመጀመሪያ ሕፃን በእርግጥ የሚጠብቀው ነገር አለን? ብዙ ሰው «እሱ ምን ያውቃል?» ብሎ ያልፈዋል። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ልጅ የሚወዱ እናቶችና አባቶች ናቸው። እኛ ግን ነገሩን ከሰፈራችን ከከዚራ ተነሥተን ጥቂት እንየው።

ከተማችን ድሬዳዋ የባቡር ልጅ መሆኗን የማያውቅ የለም። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች፤ ከዚራም በዚሁ በባቡሩ ምክንያት በመሐንዲስ ተቀይሳ፣ መንገዶቿ በክር እንደ ተለኩ ቀጥ ብለው፣ ግራና ቀኛቸውን ዛፍ ተተክሎላቸው ተሠራች። በከዚራ የሚመጣ ነገር ከሩቅ ይታያል። በመጋላ በኩል ግን መንገዱ ይጠማዘዛልና የሚመጣው አስቀድሞ የሚታወቀው በድምፅ ነው። ባቡሩ ሲጮህ ባለሱቁም፣ ተሸካሚውም፣ ዘመድ ተቀባዩም ወደ ለገሀር ያመራ እንደነበረ ሽማግሌዎች ይነግሩናል። በዚያ ዘመን የተወለደ የከዚራ ሕፃን «ባቡር» የሚለውን ቃል ከማወቁ አስቀድሞ ጩኸቱን ያውቅ ነበር ማለት ነው። የቀድሞው ባቡር ወደ አዲስ አበባ መሄዱን ካቆመ ቆይቷል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። ዛሬ በከዚራ የሚወለድ ሕፃን አስቀድሞ የሚለምደው የባጃጅ ድምፅ ነው። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ በርትቶ ሱቁ ሁሉ ሲዘጋ ድምፁ ይጠፋል፤ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ሲመለስ ደግሞ በአንቀልባ ያለው ሕፃን ራሱን ቀና ያደርጋል። ማንም አላስተማረውም። ነገር ግን ከዚያ ድምፅ በኋላ የግቢው በር እንደሚከፈትና አንድ ፊት ብቅ እንደሚል ያውቃል።

ይህ የእኛ የዓይን ምስክርነት ነው። በዓይን ምስክርነት ብቻ ላለመቆየት፣ ይህንኑ ጉዳይ በዘዴ የመረመሩ ሰዎች ያገኙትን እንጨምር። (የጥናቶቹን ዓመት የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

አዲስ የተወለደ ሕፃን ደኅና አድርጎ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ያለውን ነው። ይህ ርቀት ከጡት እስከ እናቲቱ ፊት ያለው ርቀት መሆኑን ልብ በሉ። የቀረው ዓለም ለእሱ ጉም ነው። በእኛ ልማድ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ፤ በእነዚህ በሁለቱ ቀኖች መካከል ብዙ ነገር ይሆናል። ወደ 40ኛው ቀን ገደማ ሕፃኑ ፊት አይቶ ፈገግ ማለት ይጀምራል። ወደ ሁለት ወሩ ደግሞ አንድ ነገር አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ፣ እንደገና በቀኝ እየተፈራረቀ ቢታየው የተራውን ሥርዓት ይይዘዋል።

ይህን ያጠኑት ማርሻል ሄይዝ የተባሉ አሜሪካዊና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ1988 ባሳተሙት ጥናት የሦስት ወር ተኩል ሕፃናትን አስተኝተው ሥዕሎችን አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ያሳዩአቸው ነበር። ብዙም ሳይቆይ የሕፃናቱ ዓይን ሥዕሉ ከመምጣቱ በፊት ወደሚመጣበት ቦታ ቀድሞ ሲሄድ ታየ። ሥዕሎቹ ያለ ሥርዓት፣ እንደ ዘፈቀደ ሲመጡ ግን እንዲህ ያለው መቅደም አነሰ። ልዩነቱ ከሥዕሉ ማማር እንዳልመጣ ከዚህ ይታወቃል፤ የመጣው ከሥርዓቱ ነው። በ1991 በወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ ተራው ከበድ ተደረገ፤ ሁለት ጊዜ በአንድ በኩል፣ አንድ ጊዜ በሌላው በኩል ሆነ። የሁለት ወሮቹ ይህን አልቻሉትም፤ የሦስት ወሮቹ ግን ያዙት። እንግዲህ በ40 እና በ80 ቀን መካከል አንድ ሰው መቁጠር ሳይማር የቁጥርን ጥላ ይማራል ብንል ብዙም አልተሳሳትንም።

ከዚህ ይልቅ እኛን የገረመን በ2003 የታተመው የስኮት ጆንሰንና የባልደረቦቹ ሥራ ነው። ኳስ ከአንድ ጎን ተነሥታ ትሄድና ከመጋረጃ በስተ ኋላ ገብታ በሌላው ጎን ትወጣለች፤ ባቡር ዋሻ ገብቶ እንደሚወጣው ማለት ነው። የስድስት ወር ሕፃናት ኳሷ ሳትወጣ ዓይናቸውን መውጫው ላይ ያስቀድማሉ። የአራት ወሮቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኳሷ ከወጣች በኋላ ነው የሚያገኟት። ታዲያ አጥኚዎቹ የአራት ወሮቹን ለጥቂት ደቂቃ ኳሷ ያለ መጋረጃ ወዲያና ወዲህ ስትሄድ አሳዩአቸውና እንደገና መጋረጃውን መለሱ። በዚህን ጊዜ የአራት ወሮቹ እንደ ስድስት ወሮቹ መውጫውን ቀድመው ማየት ጀመሩ። ወንድሞቻችን ሆይ፤ የሁለት ወር ዕድሜ ልዩነት በጥቂት ደቂቃ ማየት ሲሞላ ምን ማለት ነው? ሕፃኑ የተሰወረውን እንዲጠብቅ ያደረገው አስቀድሞ በግልጽ ያየው ነገር ነው። በግልጽ ያላየውን መሰወሩን እንኳ አያውቅም።

ሎረን ኤምበርሰንና ባልደረቦቿ በ2015 ያሳተሙት ደግሞ ወደ አእምሮ ውስጥ ይገባል። የስድስት ወር ሕፃናት ድምፅ ሲሰሙ ሥዕል እንደሚከተል ተለማመዱ። ከዚያም አልፎ አልፎ ድምፁ ብቻ ተሰምቶ ሥዕሉ ቀረ። የሕፃናቱ አእምሮ ለማየት የተመደበው ክፍል ግን ሥዕሉ የመጣ ያህል ሠራ። በሌላ አነጋገር የሚጠብቁት ነገር ሳይመጣም ቦታው ባዶ አልነበረም ማለት ነው። ባጃጁ ቆሞ፣ በሩ ተከፍቶ፣ የሚጠበቀው ፊት የቀረ እንደሆነ በዚያች በትንሿ ራስ ውስጥ «ምንም አልሆነም» ማለት አይቻልም።

እንግዲህ «እሱ ምን ያውቃል?» የሚለው አነጋገር በዚህ ወድቋል። ሕፃኑ ቀጥሎ የሚያየውን ይጠብቃል፤ የሚጠብቀውንም የሚማረው ካሳየነው ነው። ይህ ሁሉ ግን ገና የሥነ ፍጥረት ወሬ ነው፤ ከዚህ ወደ ዕዳ የሚያሻግር ድልድይ ገና አልሠራንም። ድልድዩም በቀላሉ የሚሠራ አይደለም፤ ሁለት ፈላስፎች በመንገዱ ላይ ቆመዋል።

የመጀመሪያው ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሂዩም ነው። በ1748 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ተከራከረው፣ ትናንት ፀሐይ ስለ ወጣች ነገም ትወጣለች ማለታችን ከልማድ የመጣ ነው እንጂ በአመክንዮ የሚረጋገጥ አይደለም። ሕፃን እንኳ ጣቱን አንድ ጊዜ የሻማ እሳት ከፈጀው ወዲያ ሻማን ሁሉ ይሸሻል፤ ይህንም የሚያደርገው ተከራክሮ አይደለም። ሁለተኛው እንግሊዛዊው በርትራንድ ረስል ነው። በ1912 ባወጣው መጽሐፍ በየቀኑ እህል የሚሰጣት ሰው በመጨረሻው ቀን አንገቷን ስለሚጠመዝዛት ዶሮ ይናገራል። ለእኛ አገር ሰው ይህን ምሳሌ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ከፋሲካ በፊት በየግቢው እግሯን ታስራ እህል የሚበተንላት ዶሮ ምን እንደምትጠብቅና ምን እንደሚጠብቃት ሁሉም ያውቃል። የሁለቱም ፈላስፎች ነገር ሲጠቃለል፣ ልማድ ቃል ኪዳን አይደለም፤ የለመድከው ቢቀር የምትከሰው የለህም የሚል ነው።

እውነት ነውን? በከፊል እውነት ነው። ለዚህም ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ደቻቱ አለልን። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፤ ይነገድበታል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ውኃው የሚወርደው ከላይ ከደጋው ስለሆነ በከተማው ላይ ጠብታ ሳይወድቅ ጎርፍ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የድሬ ልጅ ዝናብን በራሱ አናት ላይ ሳይሆን በደንገጎ በኩል አሻግሮ ማየት ይማራል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ግን ሰው ተኝቶ ነበር። በዚያች ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ብዙ ሺህ ሰው ያለ ቤት ቀረ። አሸዋው ለብዙ ወራት ደርቆ ቆይቶ ነበር፤ ሰዎችም እንደ ትናንቱ ይሆናል ብለው አጠገቡ አደሩ። አሸዋው ማንንም ካደን? አልካደም። አሸዋ የሚጠብቀው ሰው መኖሩን አያውቅም፤ ስለማያውቅም ዕዳ የለበትም። (ሰዎችን አስቀድሞ የማስጠንቀቅ ዕዳ የሰዎች ነው፤ እሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

ድልድዩ ያለው እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን። ፀሐይ፣ አሸዋና ሻማ የሚጠብቃቸው እንዳለ አያውቁም። ዶሮዋን የሚቀልበው ሰው ግን ያውቃል፤ ለዚህም ነው የረስል ምሳሌ ሲነገር ጥቂት የሚቆረቁረን፣ ዶሮ ወጡን የምንወደው እንኳ። እናት፣ አባት፣ አያት፣ ታላቅ እኅት፣ ሞግዚት ደግሞ ከዚያ አልፈው ጥበቃውን ራሳቸው ይሠሩታል። በየቀኑ ስታለቅስ መጥተው ካነሡህ፣ «መጣሁ» እያሉ ድምፃቸውን ካስቀደሙና ከመጡ፣ ያን ሥርዓት የተከሉት እነሱ ናቸው። የሚጠበቅ መሆኑን እያወቀ ሌላው እንዲጠብቀው ያደረገ ሰው ቃል በአፉ ባይወጣም ቃል ሰጥቷል። እንዲህ ብለን ስንወስን ግን ፈጥነን ሁሉንም ጥፋተኛ እንዳናደርግ መጠንቀቅ አለብን፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

በቤታችን በጣም የተለመደውን አንድ ነገር እንውሰድ። እናት ወደ ገበያ ወይም ወደ ሥራ ልትወጣ ነው። ሕፃኑ ካያት ያለቅሳል። ስለዚህ አያቲቱ ወይም ታላቅ እኅቱ ወደ ዛፉ እያመለከተች «እያት! ወፏን እያት!» ትለዋለች። ወፍ የለችም። ሕፃኑ ወደ ዛፉ ሲያይ እናት በጓሮ በኩል ውልቅ ትላለች። ሁላችንም አይተነዋል፤ ብዙዎቻችንም ሠርተነዋል። የሚሠራውም ሕፃኑ እንዳያለቅስ፣ እናትም አንጀቷ እንዳይላወስ በበጎ ሐሳብ ነው።

ታዲያ ሕፃኑ ወደ ዛፉ ለምን ያያል? ዓይናችንን ተከትሎ ነው። ሰው ወዴት እንደሚያይ አይቶ ወደዚያው ማየት ሕፃን በመጀመሪያው ዓመቱ ውስጥ፣ አስተማሪ ሳይሾምለት የሚማረው ጥበብ ነው። ይህ ጥበብ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ያሳየው ጥናት ደግሞ የተሠራው በእኛው አገር ልጆች ላይ ነው። ኤሁድ ዞሃሪና ባልደረቦቹ በ2022 ያሳተሙት ይህ ጥናት ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በሁለቱም ዓይኖቻቸው የዓይን ሞራ ይዟቸው የቆዩና ዘግይተው፣ ካደጉ በኋላ ቀዶ ሕክምና ያገኙ ኢትዮጵያውያን ልጆችን ይመለከታል። ከሕክምናው በኋላ ዓይናቸው በጣም ተሻሻለ፤ የሌላው ሰው የዓይን ብሌን ወደ የት እንደ ዞረ ለይቶ ለማየት የሚያስችል ብርሃን አገኙ። ነገር ግን እንደ ሌሎቹ ልጆች የሰውን ዓይን ተከትለው ሳያስቡት ወደዚያው ማየት አልሆነላቸውም፤ ወደ ሰው ዓይን መመልከታቸውም ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። ብርሃኑ ተመለሰ፤ በሕፃንነት ያለ አስተማሪ የሚለመደው ነገር ግን በኋላ ብቻውን ተከትሎ አልመጣም። ሌላው ልጅ ሁሉ ይህን ያገኘው ስንት ሺህ ጊዜ የሰው ዓይን ወዳመለከተው ሲያይ እዚያ አንድ ነገር ስላገኘ መሆን አለበት። ድመት አለች ሲባል ድመት ነበረች፤ ጨረቃ ሲባል ጨረቃ ነበረች።

በባዶ ዛፍ ላይ ወፍ ስናሳየው የምንጠቀመው ይህንኑ እምነቱን ነው። እርግጥ ነው፣ አንድ ባዶ ዛፍ አንድን ሕፃን አያበላሸውም፤ እንደዚያ ቢሆን ኖሮ በድሬዳዋ ደኅና ሰው ባልተገኘ ነበር። ሆኖም በየጠዋቱ ወፏ በሌለችበት ዘወር ባለ ቁጥር እናቱ የምትጠፋ ከሆነ የሚማረው ሥርዓት ምንድን ነው? ዓይኑን ከእናቱ ላይ ካነሣ እናቱ እንደምትሄድ ነው። ከዚያ በኋላ ቀሚሷን የማይለቅ፣ ሽንት ቤት እንኳ ብቻዋን የማያስገባት ልጅ ቢሆን «ምን ነካው?» ብለን እንገረማለን። እሱ ግን በሚገባ ተምሯል።

ከመካከላችን አንዲት እኅት ይህን ስናነብ አጥብቃ ተቃወመች። «እናንተ በወንበር ተቀምጣችሁ ነው የምታወሩት፤ በሌሊት ተነሥታ አትክልት ለማውረድ የምትሄድ ሴት ልጇን እያስለቀሰች የምትሰናበትበት ጊዜም ልብም የላትም» አለች። ተቃውሞዋ የሚናቅ አይደለም። ለዚህ የሚሆን አንድ ነገር ያገኘነው ከኡጋንዳ ነው። ሜሪ ኤንስዎርዝ የምትባል ሴት በ1954 እና በ1955 በዚያ አገር በ26 ቤተሰቦች የሚያድጉ 28 ሕፃናትን በየቤታቸው እየሄደች ተመልክታለች፤ መጽሐፏም በ1967 ታትሟል። እናታቸው ስትሄድ ከሌላ ሰው መሄድ ለይተው የማይቆጥሩት ጥቂት ሕፃናት ነበሩ፤ እነዚህን የጠነከሩ ልጆች ብላ አልቆጠረቻቸውም። ከእናታቸው ጋር ገና ያልተሳሰሩ ብላ ነው የጠራቻቸው። እንግዲህ በበር ላይ የሚሰማው ልቅሶ የጥፋት ድምፅ ነው ማለት አይደለም። የሚጠብቅ ሰው ድምፅ ነው። «ሄድኩ፤ ማታ እመጣለሁ» ብሎ እያየ መውጣትና ማታ መምጣት ልቅሶውን ወዲያው አያስቀረውም፤ ነገር ግን ከመጋረጃ በስተ ኋላ የገባችው ኳስ የምትወጣበትን ጎን ያስተምረዋል። የሚወስደውም ጊዜ ግማሽ ደቂቃ ነው። እኅታችን በዚህ ግማሽ በግማሽ ተስማምታለች፤ የቀረውን ግማሽ አላስለቀቅናትም።

ደግሞም ከቤት ሳይወጡ መጥፋት አለ። በ1978 ኤድዋርድ ትሮኒክ ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት እናቶች ከሕፃናቸው ጋር እየተጫወቱ ሳለ ድንገት ፊታቸውን እንደ ድንጋይ አድርገው ለጥቂት ደቂቃ ዝም እንዲሉ ተደረገ። ሕፃናቱ በመጀመሪያ ፈገግ ብለው፣ ድምፅ አሰምተው እናታቸውን ሊመልሷት ይሞክራሉ፤ እንቢ ሲላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ይኮማተራሉ። እናቲቱ ከቦታዋ አልተነሣችም፤ የጠፋው መልሷ ብቻ ነው። ዛሬ ስልክ በእጁ ይዞ ሕፃን በጭኑ ያስቀመጠ ወጣት በከዚራ መንገድ ላይ ማየት ብርቅ አይደለም። ሕፃኑ ይስቃል፤ የሚስቅለት ግን ስልኩን ያያል። ከቀትር በኋላ በጫት ላይ የተቀመጠ አባትም ልጁ ሲስቅለት ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው። ይህ የአቶ ትሮኒክ ሙከራ ነው አንልም፤ ነገር ግን ከሕፃኑ ዘንድ ሆኖ ሲታይ ልዩነቱ ምንድን ነው?

አሁን ቀደም ብለን ወደ ተውነው ማስጠንቀቂያ እንመለስ። ለሕፃን ያለብን ዕዳ እንደ ባቡር ሰዓት ሳያዛንፉ መመላለስ ከሆነ ዕዳውን የሚከፍል ሰው አይገኝም፤ እናት ትታመማለች፣ ወተት ይጠፋል፣ መብራት ይሄዳል። ደግሞስ ፈጽሞ የማይዛነፍ ዓለም ይጠቅመዋልን? አይመስለንም። ኤሚ ስታልና ሊሳ ፋይገንሰን በ2015 እንዳሳዩት፣ የ11 ወር ሕፃናት ኳስ በግድግዳ ውስጥ ያለፈች አስመስለው ሲያሳዩአቸው ከዚያ ያችኑ ኳስ ይዘው ያጋጯታል፤ አሻንጉሊት መኪና በአየር ላይ የቆመች ሲመስላቸው ደግሞ መኪናዋን እየጣሉ ይፈትኗታል። የጠበቁት ሲፈርስ ይመራመራሉ ማለት ነው።

አያቶቻችን ይህን ያለ ጥናት አውቀውት ኖሯል። አኩኩሉን አስቡት። ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ «አኩኩሉ» ሲል፣ የሚደበቁት «አልነጋም» ይላሉ፤ ከተደበቁ በኋላ «ነጋ» ይባላል። ጨዋታው በሙሉ መጥፋትና መገኘት ነው። ገና ለማይሄድ ሕፃንም ቢሆን ፊታችንን በነጠላ ሸፍነን ስንገልጥለት የሚፈነድቀው ለዚህ ነው። ነጠላው ውስጥ ስንገባ የጠበቀው ይፈርሳል፤ ስንወጣ ይጠገናል። ነጠላውን ሳይገልጥ የሚቆይ ሰው ግን ጨዋታውን ወደ ሌላ ነገር ይለውጠዋል፤ ትንሽ ቆይቶ የሕፃኑ ከንፈር መንቀጥቀጥ ሲጀምር አይታችሁ ይሆናል። እንግዲህ ያለብን ዕዳ አለመጥፋት ሳይሆን መመለስ ነው ወደሚል ሐሳብ እናዘነብላለን።

ይህን ብለን ልንጨርስ ስንል በከተማችን ያለ አንድ ከባድ ነገር ገጠመን። ከድሬዳዋና ከአካባቢዋ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሚሄዱ እናቶች ጥቂት አይደሉም። ውሉ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። የሚቀረው ልጅ አንዳንዴ ገና ዓመት አይሞላውም። የምትሄደውም ልጇን ስላልወደደች አይደለም፤ የቤት ኪራዩንና የልጁን ወተት የምትከፍለው በዚህ ነው። እዚህ ላይ «መመለስ ነው ዕዳው» ማለት ምን ይረባል? ለአሥር ወር ሕፃን ሁለት ዓመት ከሕይወቱ በእጥፍ ይበልጣል። ከመጋረጃው በስተ ኋላ የገባች ኳስ በሁለት ዓመቷ ብትወጣ መውጫውን እያየ የሚቆይ ዓይን የለም። ብዙዎቹ አያታቸውን «እማዬ» ይላሉ፤ እናታቸውን በስሟ ይጠራሉ።

ስልክ አለ የሚሉ አሉ። በእርግጥ በምስል ስልክ ፊቷ ይመጣል፤ ድምፅዋም ይመጣል። ነገር ግን ልብ ብላችሁ እንደሆነ በዚያ ስልክ ዓይን ለዓይን መገናኘት አይቻልም፤ እሷ የልጇን ምስል ስታይ ካሜራው ከላይ ነውና ለልጁ ወደ ታች የምታይ ሆና ትታየዋለች። ዓይኗን ተከትሎ የሚያገኘው ነገር የለም። እንዲህም ሆኖ ከምንም ይሻላል በሚለው ሁላችንም ተስማምተናል።

ያልተስማማነው አያቲቱ ምን ትበለው በሚለው ነው። አንድ ወገን «ነገ ትመጣለች» ማለት በባዶ ዛፍ ላይ ወፍ ማሳየት ነው፤ ስለዚህ እናቱን እስኪያውቃት ድረስ ዝም ማለት ይሻላል አለ። ሌላው ወገን ዝም ማለት ራሱ ፊትን እንደ ድንጋይ ማድረግ ነው፤ ስሟ በየቀኑ ይነሣ፣ ሥዕሏ ይታይ፣ «ነገ» ግን አይባል አለ። በዚህ ሰፈር የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት ጠይቀናቸው፣ እሳቸው በየማታው መብራት ሲበራ የልጁን እናት ስም ጠርተው «እሷ ሩቅ ናት፤ እኔ እዚህ ነኝ» እንደሚሉት ነገሩን። ልጁ ከንግግሩ የሚይዘው የመጨረሻውን ብቻ ነው ብለው ሳቁ። በዚህ ነገር የሚያሳድጉት ወይም ራሳቸው እንዲህ ያደጉ አንባብያን ካሉ፣ የትኛው ወገን ለእውነት እንደ ቀረበ ጽፈው ቢልኩልን በሚቀጥለው እትም ደስ እያለን እናወጣዋለን።